በኪስ ስለምትሸጎጥ ትንሽ ሽጉጥ

አንባቢ ሆይ፥ ከመሣሪያ ሁሉ ስሙ ራሱ ሥራውን የሚናገር አንድ አለ፤ እርሱም ሽጉጥ ነው። ጠመንጃ በትከሻ ይነገታል፥ ሰይፍ በወገብ ይታጠቃል፥ ጦር በእጅ ይያዛል፤ ሽጉጥ ግን ይሸጎጣል። አባቶቻችን ስለ ድምፁ ወይም ስለ እሳቱ ስም ሊያወጡለት ይችሉ ነበር፤ እነርሱ ግን ከሰው ዓይን ተሰውሮ በልብስ ሥር የሚገባ መሆኑን ተመልክተው በዚያው ጠሩት። ዛሬ ላነጋግርህ የምወደው ስለዚሁ መሸጎጥ ነው።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ አካባቢ ከሚኖሩት ወገኖቻችን አንዱ፥ ትንሽ ሱቅ ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት የሚሸጥ ሰው፥ አንድ ማታ ወደ ቤቴ መጣ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ሁለት ጐልማሶች ገብተው የዕለቱን ገንዘብ ወስደውበት ነበር። አልመቱትም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የበሩ ደወል በጮኸ ቍጥር እጁ ይንቀጠቀጣል። ከኪሱ የሦስት ሽጉጦችን ሥዕል አውጥቶ በፊቴ ዘረጋና «ጋሼ፥ ከእነዚህ የትኛዋ ትሻላለች?» አለኝ። ልግዛ ወይስ አልግዛ ብሎ አልጠየቀኝም፤ እርሱ ለራሱ የተቈረጠ ነገር ነበር። እኔም በዚያች ሌሊት የሚረባ ቃል አላገኘሁም። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ ልመልስለት ይገባኝ የነበረው ነው።

አንተም ምናልባት እንደ እርሱ ያለህ ሰው ትሆናለህ፤ ሌሊት ታክሲ የምትነዳ፥ በነዳጅ ማደያ ብቻህን የምታድር፥ ወይም ከሥራህ ስትመለስ ጨለማ መንገድ የምታቋርጥ። በሩን ቈልፎ የተኛ ሰው፥ በሌሊት በሩን ከፍቶ የሚቆመውን ሰው ስለ ፍርሃቱ ሊነቅፈው አይገባም። ስለዚህ ፈሪ ነህ አልልህም፤ እምነትህ ጐደለ ብዬም አልከስህም። ነገር ግን ወደ መሣሪያ መሸጫው ከመግባትህ በፊት ጥቂት ታገሠኝ። የትኛዋ ትሻላለች የሚለው ጥያቄ ስለ ብረት ብቻ የተጠየቀ ይመስላል፤ እኔ ግን ስለ ጠያቂው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ የነገሩን ታሪክ ባጭሩ እነግርሃለሁ። ትንሿን ሽጉጥ ስመ ጥር ያደረጋት የፊላደልፊያ ከተማ መሣሪያ ሠሪ ሄንሪ ደሪንጀር ነው። የእርሱ ሥራ በመዳፍ የምትሰወር፥ አንድ ጥይት ብቻ የምትጐርስ ሽጉጥ ነበረች፤ ስሙም ከእርሱ አልፎ እንዲህ ላለች ሽጉጥ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ጆን ዊልክስ ቡዝ በዋሽንግተን በፎርድ ቴያትር ቤት ከፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ጀርባ ቆሞ የተኰሰው በእርሷ ነው፤ ሊንከንም በማግሥቱ ማለዳ ሞተ። ሽጉጢቱ ከዚያው ቴያትር ቤት መዘክር ውስጥ ትገኛለች። ከእርሷ በኋላ በዩታ ግዛት በኦግደን የተወለደው ጆን ብራውኒንግ (1855-1926) በሰደርያ ኪስ የምትገባ፥ 6 ጥይት የምትይዝ፥ ክብደቷ ከ400 ግራም የሚያንስ ሽጉጥ አሰበ፤ የቤልጅግ ፋብሪካ በዓለም ሸጣት፥ በአሜሪካም የኮልት ፋብሪካ ከ1908 ጀምሮ ሠራት። ጁን 28 ቀን 1914 በሳራዬቮ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የኦስትሪያን አልጋ ወራሽና ሚስቱን የገደለበት መሣሪያም ይኸው ብራውኒንግ ያሰበው ሌላ ትንሽ ሽጉጥ ነበረ። በ2008 ደግሞ የሩገር ፋብሪካ ኤልሲፒ የምትባለውን አወጣ፤ እርሷም ባዶዋን 270 ግራም ያህል ብቻ ትመዝናለች፤ በብርጭቆ ከተሞላ ውኃ ብዙ አትበልጥም።

ሕጉም በዚያ አገር ከመሣሪያው ጋር አብሮ እየቀለለ ሄዷል። የኒው ዮርክ ግዛት በ1911 ባወጣው ሕግ ሽጉጥ ሸሽጎ ለመያዝ ልዩ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ በኋላም ፈቃዱን የሚሻ ሰው ከሌላው ሰው የተለየ ምክንያት እንዲያሳይ ይገደድ ነበር። በጁን 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ግዴታ አፈረሰው። ዛሬ ከግማሽ የሚበልጡት ግዛቶች ያለ ምንም የፈቃድ ወረቀት ሽጉጥ ሸሽጎ መያዝን ፈቅደዋል። እንግዲህ መንግሥት አይጠይቅህም ማለት ነው፤ ጥያቄው ለኅሊናህ ብቻ ቀርቷል።

ሻጩም ሽጉጢቱን ሲያመሰግን ምን እንደሚል ታውቃለህን? ቀላል ናት ይልሃል፤ ጠፍጣፋ ናት፥ ልብስህን አታሳብጥም ይልሃል፤ በመጨረሻም መያዝህን እንኳ ትረሳዋለህ ይልሃል። ይህን የመጨረሻውን ቃል በልብህ አኑረው፤ ኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ግን ስለ ብረቱ እንነጋገር፤ ጨዋ ሻጭ ይህንም አይሸሽግህም፥ ገዢው ግን ሥዕሉን እያየ አይሰማም።

ጥይት ወደ ፊት ሲወጣ የወጣበትን መሣሪያ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ይህ የፍጥረት ሕግ ነው። ያው ጥይት ከከባድ ሽጉጥ ሲወጣ ከግፊቱ ብዙውን ብረቱ ይሸከምልሃል፤ ከቀላል ሽጉጥ ሲወጣ ግን የሚሸከመው እጅህ ነው። ስለዚህ በሱቁ መስኮት ስታያት እንደ ጌጥ ያማረችው ትንሽ ሽጉጥ በተተኰሰች ጊዜ በመዳፍህ ውስጥ እንደ በቅሎ ትራገጣለች። መያዣዋም አጭር በመሆኑ ትንሿ ጣትህ ማረፊያ ታጣለች። ከፊትና ከኋላ ያሉት ማነጣጠሪያዎች ተቀራርበዋል፤ የዚህንም ጕዳት በቍጥር ላሳይህ። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና እጅህ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢስት፥ 10 ሜትር ርቆ በቆመው ነገር ላይ ስሕተቱ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ርቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጠመንጃ ግን ያው ስሕተት 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እጅህም በዚያ ሰዓት የምትንቀጠቀጠው አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ አይደለም።

ስለ ምላጩ ደግሞ ተመልከት። ከእነዚህ ትንንሽ ሽጉጦች ብዙዎቹ በኪስ ውስጥ ሳይታሰብ እንዳይተኰሱ ተብሎ ምላጫቸው ረጅምና ከባድ ተደርጓል፤ ጣትህ የምትስብበት ኃይል ከሽጉጢቱ ክብደት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቀላልን ነገር በከባድ ኃይል ስትስበው ራሱ ነገሩ ይዞራል፤ ጥይቱም ካሰብኸው ጐን ያልፋል። በዚያ በኩል ማን ቆሟል? በሱቅ ውስጥ ከሆነ ምናልባት ወተት ሊገዛ የገባ ልጅ ነው።

ይህን ሁሉ ለመሸሽ ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አንዱ አነስተኛ ጥይት ይመርጣል፤ ባለ 22 የሚባለው ብዙ አይራገጥም፥ ነገር ግን የእሳቱ ማስነሻ በቀለሁ ጠርዝ ላይ ስለ ሆነ ከሌላው ይልቅ አንዳንዴ ሳይተኰስ ይቀራል። ሌላው ጥይቶቹ በሚዞር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጡበትን ሽጉጥ ይመርጣል፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1950 ያወጣው ባለ 5 ጥይት ለዚህ አብነት ነው። እርሱ አይወሳሰብም፥ ነገር ግን ምላጩ ከሁሉ ይከብዳል። ጥይት የማጕረሻው ብረት በትንሿ ሽጉጥ ላይ ጠንካራ ስለሚሆን እጁ የደከመ ሰው ሊስበው አይችልም። ታክሲ ነጂም ቢሆን መታጠቂያውን አስሮ በተቀመጠበት ከሱሪው ኪስ አንዳች ነገር ለማውጣት ይሞክርና እውነቱን ራሱ ይመርምረው።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን እንዲህ ያለችውን ሽጉጥ ይዞ መለማመድ ደስ አለማሰኘቱ ነው። ከሃያ ወይም ከሠላሳ ጥይት በኋላ መዳፍ ያማል፤ ሰውም ነገ እመጣለሁ ብሎ ይሄዳል፥ ነገም አይመጣም። ስለዚህ ለመያዝ ቀላል የሆነችው ለመተኰስ ከባድ ናት። እንዲህ ያለችውን ሽጉጥ ጌታ ሆኖ ሊገዛት የሚችለው ብዙ ዓመት የተለማመደ ሰው ነው፤ ሄዶ የሚገዛት ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ሽጉጥ በእጁ ያልያዘ፥ በትላንቱ ፍርሃት የተገፋ ሰው ነው። ጴጥሮስም በጌቴሴማኒ ሌሊት ሰይፍ በመዘዘ ጊዜ ዓሣ አጥማጅ እንጂ ሰይፈኛ አልነበረም፤ የቈረጠውም የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ጆሮ ነው። ማልኮስ አገልጋይ ነበረ፤ ያን ሌሊት የተሸረበውን ምክር የመከረው እርሱ አልነበረም። ያልተለማመደ እጅ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

አሁን ወደዚያ ቃል ልመለስ፤ መያዝህን ትረሳዋለህ ወደሚለው። ወዳጄ ሆይ፥ ነፍስ ልታጠፋ የምትችልን ነገር መርሳት መልካም ነገር ነውን? የሐኪም ቤት መድኃኒት አዳዩ መርዙን በየትኛው መደርደሪያ እንዳኖረ ቢረሳ ማን ያመሰግነዋል? በእኔ አሳብ፥ የሰውን ሕይወት በእጅህ የሚጥል ነገር በአንተ ላይ ሊከብድብህ ይገባዋል፤ ክብደቱ የእርሱ ጕድለት አይደለም፥ ማስጠንቀቂያው ነው። ሠሪዎቹ መቶ ሃምሳ ዓመት ደክመው ከብረቱ ላይ ክብደቱን አነሡ፤ ነገር ግን ክብደቱ አልጠፋም፥ ከኪስህ ወጥቶ ወደ አእምሮህ ነው የገባው። በወገብህ ሦስት እጥፍ የሚከብድ ነገር ታጥቀህ ቢሆን ብረቱ ራሱ ቀኑን ሁሉ ባስታወሰህ ነበር፤ አሁን ግን አንተ ራስህ ልታስታውስ ግድ ነው።

የምታስታውሰውም ጥቂት አይደለም። ምላጩን የሚሸፍን አፎት ሳይኖራት በኪስ ልትከታት አይገባህም፤ በዚያ ኪስ ውስጥም ሌላ ነገር፥ ቍልፍም ሆነ ሳንቲም ወይም ብዕር፥ ሊገባ አይገባውም፤ ወደ ምላጩ ገብቶ ሊስበው ይችላልና። የኪስ ብናኝ ይሞላታል፤ በየጊዜው ልትጠርጋት ይገባሃል። ሱሪህን ባወለቅህ ጊዜ፥ ካፖርትህን በሰው ቤት በሰቀልህ ጊዜ፥ መኪናህን ለጠጋኝ በሰጠህ ጊዜ፥ በሠርግ ቤት አንድ ብርሌ ጠጅ በቀረበልህ ጊዜ፥ ልጅህ ሮጦ መጥቶ ወገብህን ባቀፈህ ጊዜ፥ ከሚስትህ ጋር በተጣላህ ጊዜ፥ በመንገድ ላይ አንድ ሰው በሰደበህ ጊዜ፥ በእነዚህ ሰዓቶች ሁሉ አለች። በዲሴምበር 1924 ወይም በሌላ የድሮ ዘመን የሆነ ነገር አልነግርህም፤ በዲሴምበር 2014 በአይዳሆ ግዛት አንዲት እናት ሽጉጥ ለመሸሸግ ተብሎ ከተሠራ የእጅ ቦርሳ ጋር ወደ ገበያ ገባች፤ የሁለት ዓመት ልጇ ቦርሳውን ከፍቶ በዕቃ መደርደሪያዎቹ መካከል ገደላት። እርሷ መሣሪያ አያያዝ የምታውቅ፥ ፈቃድም ያላት ሴት ነበረች። ያጐደለችው ምን ነበረ? ለጥቂት ቅጽበት ዓይኗን ወደ ሌላ ነገር መለሰች፤ እናት ሁሉ በገበያ ቀን የምታደርገውን አደረገች።

የሙታንንም ቍጥር ልንገርህ፤ ይህን ልታውቀው ይገባሃል። የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያና መከላከያ መሥሪያ ቤት እንደ መዘገበው በ2021 በዚያ አገር በመሣሪያ የሞተው ሰው 48,830 ነው። ከእነዚህ ውስጥ በሌላ ሰው እጅ የተገደሉት 20,958 ናቸው፤ በገዛ እጃቸው የሞቱት ግን 26,328 ናቸው። ደግሞ በካሊፎርኒያ ብዙ ሚሊዮን ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ሊቃውንት በ2020 ባወጡት ጽሑፍ፥ ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ይልቅ በመሣሪያ የራሳቸውን ሕይወት ማጥፋታቸው ስምንት እጥፍ ያህል ሆኖ መገኘቱን አስረዱ። በማግደላ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 በአፄ ቴዎድሮስ እጅ የነበረው ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችላቸው የወዳጅነት ስጦታ ነበረ ይባላል። በእርሳቸው ላይ ልፈርድ አልነሣም፤ ስጦታው በማን ላይ እንደሚዞር ሰጪውም ተቀባዩም አስቀድሞ እንዳላወቀ ብቻ ልብ በል።

እንግዲህ ወደ ባለ ሱቁ ወዳጃችን እንመልከት። እንቅልፍ አጥቷል፥ ገንዘቡ ተወስዷል፥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ለሚስቱም ነገሩን ሁሉ አልነገራትም። ሰው ሽጉጥ ሊገዛ የሚነሣው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለው ወራት ነው፤ ሽጉጥ በቤቱ ሊኖር የማይገባውም በዚያው ወራት ነው። አንተም ይህን ስታነብ ልብህ እንዲህ ጠቍሮ እንደ ሆነ፥ እባክህ የምርጫውን ነገር ተወውና ለአንድ የታመነ ወዳጅ ወይም ለሐኪም ልብህን ግለጥ። አስቀድመህ የገዛህ እንደ ሆነ ደግሞ ቀኑ እስኪነጋልህ ድረስ ብረቱን ከቤትህ አውጥተህ ሕግ በሚፈቅድልህ በሌላ ሰው ቤት አኑረው። በዚህ ማንም ሊያፍር አይገባውም።

ስለ መሸሸጉ አሁን ልናገር። በመጽሐፍ የተሸሸገ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ተጽፈዋል። ናዖድ በቀኝ ጭኑ በልብሱ ሥር ሰይፍ ታጥቆ ወደ ሞዓብ ንጉሥ ገባ። ኢዮአብ አሜሳይን ወንድሜ ብሎ ደኅንነቱን እየጠየቀ፥ ሊስመውም ጢሙን ይዞ፥ በሌላው እጁ ያለውን ሰይፍ አሜሳይ ሳያስተውለው ወጋው። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1901 በበፋሎ ከተማ የሆነውም ከዚህ አይርቅም፤ ፕሬዚዳንት ዊልያም ማኪንሊ ሕዝቡን በእጅ ሲሳለም ነፍሰ ገዳዩ ትንሽ ሽጉጥ በመሐረብ ጠቅልሎ በሰልፉ ቆሞ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ሊጨብጠው እጁን ሲዘረጋ ተኰሰበት፥ ከስምንት ቀን በኋላም ሞተ።

አንተ ግን እንዲህ ትለኛለህ፦ እኔ ኢዮአብ አይደለሁም፤ ጥቃት ሽሽት እንጂ ጥቃት ፍለጋ አልያዝሁትም። እውነት ነው። ደግሞም መሣሪያውን በግልጥ ይዤ ብቆም ሕፃናትን አስፈራለሁ፥ ደንበኞቼም ይሸሻሉ፥ ሌባም ብረቱን ራሱን ሊቀማኝ ይመጣል ትላለህ። ይህም እውነት ነው፤ በአገራችን ገጠር ጠመንጃ በትከሻ መያዝ ለብዙዎች ክብር ነበረ፥ በዋሽንግተን ሱቅ ግን ሁከት ነው። መሸሸግ ሁሉ ተንኰል ነው ብዬ አልፈርድብህም። የምለው ይህ ነው፦ በትከሻ የተያዘው ጠመንጃ ለሚመጣው ሰው አስቀድሞ ይናገራል፤ መጥቶ የነበረውም ሊመለስ ይችላል። የተሸሸገው ግን የሚናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በተናገረም ጊዜ ነገሩ አልቋል። ደግሞም የሚያውቀው አንተ ብቻ ስለ ሆንህ፥ በሩ በተከፈተ ቍጥር የገባውን ሰው ሁሉ በሁለት ልብ ትቀበላለህ፤ አፍህ እንደምን አመሸህ ይላል፥ እጅህ ወደ ኪስህ ያስባል። አንድ ዓመት እንዲህ የቆመ ሰው ምን ይሆናል? ይህን የሚነግርህ የፋብሪካው መጽሐፍ አይደለም።

ስለ ነፍስ መከላከል የሙሴ ሕግ የሚያስደንቅ ልዩነት አኑሯል፤ በዘጸአት 22 ታገኘዋለህ። ሌሊት ቤት ሰብሮ የገባውን ሌባ የገደለውን ሰው በደም አይጠይቀውም፤ ያው ነገር በፀሐይ ብርሃን ቢሆን ግን ይጠይቀዋል። ለምን ይመስልሃል? እኔ እንደማስበው፥ በብርሃን የመጣውን ሰው ፊት ታያለህ፤ ገንዘብ ወይስ ነፍስ እንደሚሻ ትለያለህ፥ ልትጮኽም ልትሸሽም ትችላለህ። በጨለማ ግን ይህ ሁሉ የለህም። የአሜሪካም ግዛቶች ሕግ በብዙው ከዚህ አይርቅም፤ ስለ ንብረት ብቻ ነፍስ ማጥፋትን አብዛኞቹ አይፈቅዱም። ወዳጃችን በተዘረፈበት ሌሊት ሱቁ በመብራት ደምቆ ነበር፤ ጐልማሶቹ የፈለጉት ገንዘብ ነበረ፥ ይዘውም ሄዱ። በኪሱ ያቺ ሽጉጥ ብትኖር ኖሮ ስለ ጥቂት መቶ ብር ያህል ዶላር አንዱን ገድሎ፥ ወይም ራሱ ሞቶ፥ ወይም የጐረቤቱን ልጅ መትቶ ሊሆን ይችል ነበር። ይህን ስነግረው ብዙ ዝም አለ።

የመንግሥቱንም ሕግ ነገር በችኰላ አትለፈው። ወዳጃችን የሚተኛው በቨርጂኒያ ነው፥ ሱቁ ያለው በሜሪላንድ። ቨርጂኒያ የምትሰጠውን የመሸሸግ ፈቃድ ሜሪላንድም ዋሽንግተንም አይቀበሉትም፤ የየራሳቸውን ይጠይቃሉ። ስለዚህ የፖቶማክን ወንዝ በድልድይ የተሻገረ ሰው በአንዱ ዳር ሕጋዊ ሆኖ በሌላው ዳር ወንጀለኛ ይሆናል። በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰውም ከጥቂት ልዩ ምክንያት በቀር ሽጉጥ ሊይዝ በአገሩ ጠቅላላ ሕግ ተከልክሏል። ለስደተኛ ሰው እንዲህ ያለው በደል በእስር ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ የብዙ ዓመት ድካሙን አፍርሶ ከአገር ሊያስወጣው ይችላል።

እንግዲህ የትኛዋ ትሻላለች ለሚለው፥ እኔ የምመልሰው ይህን ነው። ይህን ሁሉ ሰምተህ በኅሊናህ ፊት ግድ ነው ካልህ፥ ቀላሏን ተዋት። በእጅህ የምትሞላውን፥ በወገብህ የምትከብድህን፥ ሳትሰለች በየወሩ የምትለማመድባትን ውሰድ፤ ለሚስትህም ንገራት፥ በቤትህም ቍልፍ ያለው የብረት ሣጥን አኑር። ክብደቷ ካስመረረህ፥ ልምምዱም ከበዛብህ፥ ያን ጊዜ መሣሪያ መያዝ እንዳልቻልህ ዕወቅ፤ ቀላሏን በመግዛት ችያለሁ አትበል።

ለወዳጃችን ግን ሌላ ነገር አደረግሁ። ከሱቁ መደርደሪያ አንድ ጓጕንቸር ቍልፍ አንሥቼ መዘንሁት፤ 350 ግራም ያህል ሆነ፥ ይህም ጥይት ከጐረሰች ትንሽ ሽጉጥ ጋር ይቀራረባል። «ይህን ለአንድ ወር በኪስህ ያዘው፤ የጐረሰች ሽጉጥ እንደ ሆነች ቍጠረው። የተከለከለበት ቦታ አታግባው፥ ከዓይንህም ከእጅህም አታርቀው፥ በረሳኸው ቍጥር በወረቀት ጻፍ» አልሁት። ሳቀ፥ ግን ወሰደው።

በዘጠነኛው ቀን ማታ ተመልሶ መጣ። ወረቀቱ ላይ አራት ምልክት ነበረ። አንደኛው ድልድዩን ሲሻገር ትዝ ያላለው ነው፤ ሁለተኛው በለቅሶ ቤት ካፖርቱን ከሌሎች ካፖርቶች ጋር አልጋ ላይ ጥሎት የገባ ጊዜ ነው፤ ሦስተኛውን አልነገረኝም። አራተኛው የዚያኑ ቀን ጧት የሆነ ነው። ደክሞት ገብቶ ሱሪውን በወንበር ላይ ሰቅሎ ተኝቶ ሳለ፥ የአምስት ዓመት ልጁ ጓጕንቸሩን ከኪሱ አውጥታ መክፈቻ ቀዳዳውን በዓይኗ እያየች በአልጋው ጫፍ ተቀምጣ አገኛት። ቍልፉን በጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ስለ ሽጉጥ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ሱቁን በአራት ሰዓት ማታ ቢዘጋ ከኪራዩ ስንት እንደሚጐድልበት እንድንቈጥር እርሳስ ጠየቀኝ።